አሥራ ሦስት ሳምንት ለጥበብ፣ አሥራ ሦስት ሳምንት ለሳይንስ

ዓለም በአጭሩ ቢቢሲ ብሎ የሚያውቀው የእንግሊዝ አገር ማሰራጫ ድርጅት በ1922 (የዚህ ጽሑፍ ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኩባንያነት ተመሥርቶ፣ በ1927 በንጉሥ ቻርተር የሕዝብ ድርጅት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ጆን ሪዝ ከስኮትላንድ ቄስ የተወለደ፣ የማሰራጫውንም ሥራ ከንግድ ይልቅ ወደ ስብከት የሚያቀርብ ሰው ነበርና፣ ማሳወቅ፣ ማስተማርና ማዝናናት የተባሉትን ሦስት ግዳጆች እንደ ጸሎተ ሃይማኖት አድርጎ ለድርጅቱ አወረሰው። ገንዘቡም የሚመጣው ከማስታወቂያ ሳይሆን መቀበያ ካለው ቤት ሁሉ በየዓመቱ ከሚሰበሰበው የፈቃድ ክፍያ ስለ ሆነ፣ አንዱን ሰዓት ለብዙኃን ጨዋታ፣ ሌላውን ለጥቂቶች ጥበብ ለማካፈል ነጻነት ነበረው። ይሁን እንጂ በጎ ፈቃድና ነጻነት ብቻቸውን አንድን ሊቅ ከካሜራ ፊት አቁመው ሩብ ዓመት ሙሉ አያናግሩትም፤ በእኔ አስተያየት ኪነ ጥበብና ሳይንስ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ወደ ማዕረጋቸው የወጡት፣ ነገሩ ለሊቃውንት ክብር የማይመች ቢመስልም፣ የቀለም ቴሌቪዥን ገበያው ስላልደራ ነው።

ቴሌቪዥኑ በ1936 በሰሜን ለንደን ከአሌግዛንድራ ፓላስ ተጀምሮ፣ በጦርነቱ ዘመን ተዘግቶ፣ በ1946 እንደገና ተከፈተ። በ1957 ፓትሪክ ሙር ስለ ከዋክብት በየወሩ የሚያስረዳበት መርሐ ግብር ተጀመረና፣ ይህ ሰው በ2012 እስኪሞት ድረስ፣ በተበላሸ የዝይ እንቁላል ታሞ ከቀረበት ከአንዱ ጊዜ በቀር፣ ከመንበሩ አልተለየም። በ1958 ደግሞ በሂው ዌልደን የሚመራው «ሞኒተር» የተባለ የኪነ ጥበብ መርሐ ግብር ተተከለ። ከዚህ ቤት የወጣው ወጣቱ ኬን ረስል በ1962 ስለ ሙዚቃ ደራሲው ስለ ኤድዋርድ ኤልጋር ፊልም ሲሠራ፣ ዌልደን በእውነት የኖረን ሰው በተዋናይ አንደበት ማናገርን ስላልፈቀደለት፣ ተዋናዮቹ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ያልፋሉ፤ ብላቴናው ኤልጋር በነጭ ድንክ ፈረስ በማልቨርን ኮረብቶች ላይ ሲጋልብ ይታያል፣ የሚሰማውም የተራኪው ድምፅና ሙዚቃው ነው። የፊልሙም ውበት ከዚያው ክልከላ የመጣ ይመስለኛል።

በ1962 የፒልኪንግተን ኮሚቴ በመከረው መሠረት ለቢቢሲ የተሰጠው ሁለተኛው መስመር በኤፕሪል 20 ቀን 1964 ሊመረቅ ሲል፣ ከባተርሲ የኤሌክትሪክ ኃይል ጣቢያ በተነሣ ብልሽት የምዕራብ ለንደን መብራት ጠፍቶ ሥርጭቱ ለማግስቱ አደረ። የሳይንሱ መርሐ ግብር «ሆራይዘን» የተጀመረው በተከታዩ ወር በ2ኛው ቀን ነው። የእኛም ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት መሆኑን በመንገዳችን እናስታውስ።

በ1965 የዚህ አዲስ መስመር ኃላፊነት በካምብሪጅ የተፈጥሮ ሳይንስ ለተማረው ለዴቪድ አተንቦሮ ተሰጠ። በጁላይ 1967 ከዊምብልደን የቴኒስ ሜዳ የቀለም ሥርጭት ሲጀመር መቀበያው እጅግ ውድ ነበር፤ በተከታዩም ዓመት የፈቃዱ ክፍያ ለጥቁርና ነጭ 5 ፓውንድ ሲሆን ለቀለም 10 ፓውንድ ሆነ። አተንቦሮም የሰው እጅ ከሠራቸው ሥዕሎች፣ ሐውልቶችና ሕንፃዎች የተመረጡትን በኅብረ ቀለማቸው ቢያሳይ ተጠራጣሪው ሁሉ እንደሚያምን አስቦ፣ ኬነዝ ክላርክን ምሳ ጋበዘው። ክላርክ ገና በ30 ዓመቱ ለለንደን ናሽናል ጋለሪ ዳይሬክተርነት የተመረጠ፣ በ1954ም የቢቢሲ ተቀናቃኝ በሆነው በንግዱ ቴሌቪዥን ባለሥልጣን ላይ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር የነበረ ሰው ነው። በማዕዱ ላይ «ሥልጣኔ» የሚለው ቃል ከተነሣ ወዲያ የቀረውን ጭውውት እንዳላዳመጠ፣ ልቡም ክፍሎቹን መደርደር እንደ ጀመረ ኋላ ራሱ ጽፏል።

በዋናው አዘጋጅ በማይክል ጊል አመራር፣ ለሲኒማ በሚውለው በ35 ሚሊሜትር ፊልም የተቀረጸው ይህ ሥራ፣ እያንዳንዱ ክፍል 50 ደቂቃ ሆኖ፣ ከፌብሩዋሪ 1969 ጀምሮ ለአሥራ ሦስት ሳምንት ታየ፤ ዓመቱ ሃምሳ ሁለት ሳምንት ነውና አሥራ ሦስቱ ሩብ ዓመት ይሞላሉ። ለቀለም ተብሎ የተደከመበትን ይህን ሥራ አብዛኛው ተመልካች ያየው በጥቁርና ነጭ መሆኑ ግን ያስገርማል። በ1970 ክላርክ ዋሽንግተን በሚገኘው ናሽናል ጋለሪ ሲሸለም፣ ከተሰበሰበው ሕዝብ ጭብጨባ የተነሣ መታጠቢያ ቤት ገብቶ አልቅሷል። ታሪኩ ከምዕራብ አውሮፓና ከአሜሪካ የማይወጣ መሆኑን የላሊበላን ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው በቀላሉ ይታዘባል፤ ክላርክም የግሌ አስተያየት ነው ብሎ አስቀድሞ በርእሱ ላይ አስታውቋል።

ይህ ሲሆን የሳይንሱ ክፍል አለቃ ኦብሪ ሲንገር፣ ሳይንስ የተማርህ አንተ ስለ ምን ኪነ ጥበብን አስቀደምህ ብሎ አተንቦሮን ወቀሰው። ከዚህ ወቀሳ የተወለደው በሜይ 1973 የተጀመረው የጄከብ ብሮኖውስኪ አሥራ ሦስት ክፍል ነው። በ1908 በፖላንድ በዉጅ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደው ይህ የሒሳብ ሊቅ፣ የባለቅኔው የዊልያም ብሌክ ተንታኝና ሐያሲም ነበር። የሰውን ልጅ ታሪክ የጀመረውም ከእኛው ከኦሞ ሸለቆ ነው፤ ከዚያ የተገኘውን፣ ከሁለት ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረውን የአውሬ ቀንድ ከዛሬው ዘሩ ቀንድ ጋር አስተያይቶ፣ እንስሳው ሳይለወጥ የተለወጠው ሰው መሆኑን አሳየ። በአሥራ አንደኛው ክፍል ዘመዶቹ ወዳለቁበት ወደ አውሽዊትዝ ሄዶ፣ የሟቾች አመድ ወደ ተጣለበት ኩሬ ጫማውን ሳያወልቅ ገባ፤ የፍጹም እርግጠኝነት ትዕቢት ወዴት እንደሚያደርስ እየተናገረም ጎንበስ ብሎ ጭቃውን በእጁ አፈሰ። ክላርክ አጥርቶ የጻፈውን ንግግር ሲያቀርብ፣ ብሮኖውስኪ ቃሉን እዚያው ቆሞ እየፈለገ ይናገር ነበር፤ እኔ ከሁለቱ ይህንኛውን አስበልጣለሁ።

ብሮኖውስኪ በኦገስት 1974 ሞተ። በኖቬምበር ድንቅነሽ በሐዳር ተገኘችና፣ የመጀመሪያው ክፍል ፊልሙ ገና ሳያረጅ ዕውቀቱ ወደ ኋላ ቀረበት። አተንቦሮ ግን ከዚያ አስቀድሞ የአለቅነት ሥራውን ለቆ ነበርና፣ የሕያዋን ፍጥረታትን ታሪክ በአሥራ ሦስት ክፍል አዘጋጅቶ በ1979 ሲያቀርብ ከካሜራው ፊት የቆመው እርሱ ራሱ ነበር።