የብረት የቢስክሌት ሹካ የሚሠራላችሁን ባለሙያ እንዴት ትመርጣላችሁ?

በገዴራ፣ በያቭኔና በቅርያት ማላኺ በቢስክሌት ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው የማኅበረሰባችን ልጅ ጥቂት አይደለም። ብዙዎቹ የሚነዱት ከሌላ ሰው እጅ የተገዛ አሮጌ ቢስክሌት ነው። ሹካው ሲጣመም ወይም ሲሰነጠቅ «የሚበይድልን ሰው ማን አለ?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ዛሬ በዚህ ጉዳይ ላይ የምናውቀውን እናካፍላችኋለን።

ሹካ የምንለው የፊት ጎማውን በግራና በቀኝ ይዞ ከመሪው ጋር የሚያገናኘውን ባለ ሁለት እግር ብረት ነው። በዕብራይስጥም «መዝሌግ» ይሉታል፣ ትርጉሙ ያው ሹካ ነው። የቢስክሌቱ የኋላ ብረት ቢሰነጠቅ ቢስክሌቱ ይንገዳገዳል፣ ነጂውም አብዛኛውን ጊዜ ለመውረድ ፋታ ያገኛል። ሹካው ከትከሻው ላይ ቢቆረጥ ግን ነጂው በፊቱ ይደፋል፣ እጁን ለመዘርጋት እንኳ ጊዜ የለውም። ስለዚህ በሌላ ዕቃ ላይ የምናልፈውን ስሕተት እዚህ ላይ ማለፍ አይገባም።

በመጀመሪያ አዲስ ማሠራት የግድ መሆኑን አጣሩ። የዛሬ ቢስክሌቶች አብዛኛውን ጊዜ የሹካቸው አንገት (ወደ ሺልዳው ገብቶ ከመሪው የሚገናኘው ቱቦ) 28.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ለእንደዚህ ዓይነቱ ቢስክሌት የተዘጋጀ የብረት ሹካ ከሱቅ ማግኘት ይቻላል፣ ዋጋውም ከማሠራት እጅግ ያነሰ ነው። ማሠራት የሚያስፈልገው አንገቱ 25.4 ሚሊ ሜትር (1 ኢንች) የሆነ የድሮ ቢስክሌት ሲኖራችሁ፣ ከፊት ከባድ ዕቃ የሚጭን ሰው ሲሆን፣ ወይም የሺልዳው ልክ ከተለመደው ውጭ ሲሆን ነው። ከዚህ ውጭ ገንዘባችሁን ባታወጡ እንመክራለን።

የተጣመመውን ማቃናትስ? ብረት ከአሉሚኒየም ይልቅ መቃናትን ይችላል፣ ትንሽ የተጣመመ የብረት ሹካ በሚያውቅ ሰው እጅ ሊቃና ይችላል። የተሰነጠቀ ወይም ቀለሙ በአንድ ቦታ ላይ የተጨማደደ ሹካ ግን አይበየድም፣ ይጣላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በየከተማችን የኢንዱስትሪ ሰፈር «መስገሪያ» አለ፤ የበርና የመስኮት ብረት፣ ሶራጊም የሚሉትን፣ የሚሠሩበት ቤት። እዚያ ያለው በያጅ ጎበዝ ሰው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የመስኮት ብረት ወፍራም ነው፣ ሲበየድም ትንሽ ቢጣመም ማንንም አይጎዳም። የሹካ እግር ቱቦ ግን ብዙ ጊዜ ወፍሩ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እሳቱ ከበዛበት በብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ጠባዩ ይለወጣል፣ ከዓይን የተሰወረ ድካም ይገባበታል፤ ከወራት በኋላ አንድ ጉድጓድ ላይ ይሰበራል። እኛም ራሳችን አንድ ጊዜ በአንድ ብየዳ ቤት ሹካ አስበይደን ነበር። ሥራው ሲያዩት ያማረ ነበር፣ ቀለሙም አዲስ፤ ነገር ግን የግራው እግር ከቀኙ በ3 ሚሊ ሜትር አጥሮ ተገኘ፣ ቢስክሌቱም እጅ ሲለቁት ወደ አንድ ጎን ይሄድ ነበር። ሰውዬው አልዋሸንም፣ ሹካ ሠርቶ አያውቅም ነበር፤ እኛም አልጠየቅነውም።

በነገራችን ላይ ብረት ሠሪን መምረጥ ለወላጆቻችን አዲስ ነገር አልነበረም። በጎንደር አካባቢ ማረሻውን፣ ማጭዱንና ቢላውን የሚያበጁት ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ነበሩ። ገበሬው ወደ ባለእጁ የሚሄደው ማረሻው ድንጋይ ላይ ሳይሰበር ክረምቱን መክረሙን አይቶ ነው። ያው ገበሬ ዞር ብሎ «ቡዳ» እያለ ይሰድባቸው እንደነበር ሽማግሌዎቻችን አይረሱትም። ዛሬ በእንግሊዝ ወይም በኢጣሊያ ያለ የቢስክሌት ብረት ሠሪ እንደ ሠዓሊ ይከበራል፣ ደንበኛውም ለወራት ተራ ይጠብቃል። የምርጫው ዘዴ ግን ያው የገበሬው ነው፦ ከዚህ ቀደም የሠራው ዕቃ የት ነው? ስንት ዓመትስ ተነዳ?

ስለዚህ ባለሙያውን ስንት ሹካ እንደሠራ ጠይቁት። ሺልዳ የሠራ ሰው ሁሉ ሹካ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ሹካውን ተዘጋጅቶ ይገዛሉ። ሁለቱን እግሮች እኩል አድርጎ የሚይዝ መሣሪያ እንዳለው እዩ፤ በዓይኑ ብቻ የሚያስተካክል ከሆነ ተዉት። ቱቦውን ከየት እንደሚያመጣም ስሙን ይንገራችሁ። ክሮሞሊ የሚባለው ብረት (4130) ለዚህ ሥራ የተለመደና አስተማማኝ ነው። ከ1919 ጀምሮ የሚሠራው የኢጣሊያው ኮሎምቡስና በ1935 «531» የተባለውን ቱቦ ያወጣው የእንግሊዙ ሬይኖልድስ በዓለም የታወቁ ናቸው። «ያገኘሁትን ቧንቧ እጠቀማለሁ» የሚል ሰው ቤት አትቆዩ። በናስና በብር ቅይጥ ማያያዝም ሆነ በኤሌክትሪክ መበየድ ሁለቱም ይሠራሉ፤ ሰው እንደሚከራከረው ትልቅ ልዩነት የላቸውም፣ ልዩነቱ ያለው በሠሪው እጅ ነው።

ጥሩ ባለሙያ የሚታወቀው እናንተን በሚጠይቃችሁ ጥያቄ ነው። የነጂውን ክብደት፣ የጎማውን ልክና ስፋት፣ የፍሬኑን ዓይነት፣ ከፊት የሚጫነውን ዕቃ ካልጠየቀ ይቅርባችሁ። አሮጌውን ሹካ ቢሰበርም እንኳ አትጣሉት፣ ይዛችሁት ሂዱ። ከእሱ የሚወሰዱት ልኮች ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው፦ የአንገቱ ውፍረትና ርዝመት፤ ከጎማው ዘንግ እስከ ትከሻው ያለው ርዝመት፤ ዘንጉ ከአንገቱ መሥመር ወደ ፊት የሚወጣበት ርቀት፤ እንዲሁም የታችኛው ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቦታ። የመጨረሻው ብዙ ሰው ያሳስታል። በ1 ኢንች አንገት ላይ 26.4 ሚሊ ሜትር የሆነ አለ፣ 27.0 የሆነም አለ፤ ልዩነቱ የፀጉር ያህል ቢመስልም አንዱ ለሌላው አይሆንም።

ርዝመቱም እንዲሁ ቀልድ አይደለም። ሹካው በ2 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም የቢስክሌቱ ፊት ወደ ላይ ይነሣል፣ የመሪው ማዘንበያም በ1 ዲግሪ ገደማ ይለወጣል። ዘንጉ ወደ ፊት የሚወጣበት ርቀት በመንገድ ቢስክሌት ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ርቀት ሲጨምር መሪው ይቀላል፣ ሲቀንስ ደግሞ ይከብዳል፣ ቢስክሌቱም ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል።

የዲስክ ፍሬን የምትፈልጉ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። የዲስክ ፍሬን ኃይሉን ሁሉ በግራው እግር ላይ ያሳርፋል፣ ስለዚህ እግሮቹ ወፍራም መሆን አለባቸው። ለጠርዝ ፍሬን በተሠራ ቀጭን ሹካ ላይ የዲስክ መያዣ በይዶ መጨመር አደገኛ ነው። ከዚህም በላይ የዘንጉ ማስገቢያ በቀጥታ ወደ ታች የተከፈተ ከሆነ ፍሬኑ ሲያዝ ዘንጉን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ጥሩ ሠሪ ማስገቢያውን ወደ ፊት ያዘነብለዋል፣ ወይም በሹካው ውስጥ የሚያልፍ ዘንግ ያደርጋል።

ልጆች በፊት ጎማ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ሲገጥሙ እናያለን። ሞተሩ ዘንጉን እያጠማዘዘ ከማስገቢያው ሊያወጣው ይችላል። ለዚህ ሥራ ብረት ከአሉሚኒየም ይሻላል፣ የሞተሩን ዘንግ የሚይዝ ተጨማሪ ብረትም ያስፈልጋል። ሕጉንም አትርሱ፦ በእስራኤል ዕድሜው 16 ያልሞላ ልጅ የኤሌክትሪክ ቢስክሌት መንዳት አይፈቀድለትም፣ ሞተሩም ከ250 ዋት መብለጥ የለበትም።

ስለ ገንዘቡ አጭር ነገር እንበል። ዋጋውን፣ ልኮቹን፣ የቱቦውን ዓይነትና የሚያልቅበትን ቀን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ቀብድ ስትከፍሉም ካባላ ጠይቁ። አህራዩት ለስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ይጻፍ። ዕብራይስጡ የሚከብዳቸው አባቶችና እናቶች ሳያነቡ አይፈርሙ፣ ልጅ ወይም ጎረቤት ይዘው ይሂዱ። ከውጭ አገር ካዘዛችሁ በመላኪያው ላይ ከጥር 2025 ጀምሮ 18 በመቶ የሆነው ማዐም እንደሚጨመር አስቡ።

ሹካው ሲደርስ ከመቀባቱ በፊት ማየት ብትችሉ መልካም ነው፣ ቀለም ብዙ ኃጢአት ይሸፍናልና። ጎማውን አስገቡበት፤ በሁለቱ እግሮች መካከል እኩል መቆም አለበት። ወደ አንድ ጎን ከቀረበና ጎማውን አገላብጣችሁ ስታስገቡትም ወደዚያው ጎን ከቀረበ ጥፋቱ የሹካው ነው፣ መልሱት። ያቭኔ ለባሕር ቅርብ ስለሆነች ጨዋማው አየር ቱቦውን ከውስጥ ያዝገዋል፤ ውስጡን የዝገት መከላከያ ዘይት እንዲቀባላችሁ ጠይቁ። በመጀመሪያው ሳምንት ከመኪና መንገድ ርቃችሁ ንዱት፣ ከዚያም የትከሻውን ብየዳ በጨርቅ ጠርጋችሁ በብርሃን ተመልከቱ። የፀጉር ያህል መሥመር ከታየ ቢስክሌቱን እየገፋችሁ ወደ ሠሪው መልሱት፣ አትንዱት።