የሚጥል በሽታና የመተማ ቆላ

በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚጥል በሽታን ታሪክ ለመመርመር የሚሻ ሰው ከወባ መጀመር ይገባዋል። ወባ ወደ አንጎል ወጥቶባቸው ከሞት ከተረፉት ሕፃናት አንዳንዶቹን፥ ከዓመታት በኋላ ይህ በሽታ ሲጥላቸው ይታያልና። ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛም ወባን ያልለመደ ስለ ሆነ ሕመሙ ይጸናበታል።

ሕዝቡ በሽታውን ከርኩስ መንፈስ በመቍጠር፥ የጣለውን ሰው የክብሪት ጢስ ያሸትተዋል፥ ወደ ጠበልም ይወስደዋል። ይጋባል ተብሎ ስለሚፈራም፥ እሳት ላይ የወደቀው በሽተኛ የሚያነሣው የሚያጣበት ጊዜ አለ።

ፌኖባርቢታል የተባለው መድኃኒት ግን መንቀጥቀጡን እንደሚገታ ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ሐውፕትማን የገለጸው በ1912 እ.ኤ.አ. ነበር። ከሰባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ እነ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በቡታጅራ ገጠር ቤት ለቤት መረመሩ። በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤታቸው እንደሚያስረዳው፥ ከ60,820 ሰዎች መካከል 316ቱ በሽታው ሲገኝባቸው፥ የታወቀውን መድኃኒት ያገኙት ከእነዚህ ከመቶ 1.6 ብቻ ነበሩ።

ቡታጅራ ለአዲስ አበባ ቅርብ ናት፤ መተማ ግን ጠረፍ ናት። እንግዲህ ርካሹ ክኒን እስከ ጠረፍ ካልዘለቀ፥ ወባውም በጊዜው ካልታከመ፥ የቆላው በሽታ ታሪክ የመዘግየት ታሪክ ሆኖ ይቀራል።