ልብሱን ለበስነው፤ ሕጉንስ?

ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ለኢሬቻ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ሆራ አርሰዲ የሚጎርፈው ሕዝብ ከሩቅ የሚለየው በጥቁር፣ በቀይና በነጭ ልብሱ ነው። በዓሉ ሲቃረብ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ፋታ የላቸውም።

ይህን ልብስ «ጥንታዊ» እንለዋለን። ቀለሞቹ የገዳ ናቸው። ጨርቁ ግን ጥንታዊ አይደለም። የአርሲ እናቶች ለብዙ ዘመን የለበሱት ቆዳ ነበር። የፋብሪካ ጨርቅ እንደ ልብ መግባት የጀመረው ከባቡሩ ጋር ነው። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ፤ በመካከል አዳማ የባቡር ጣቢያ ከተማ ሆነች። በባቡሩ የሚጫነው አቡጀዲ መጀመሪያ የአሜሪካ፣ በኋላም የጃፓን ነበር። ዛሬም ገበያው ላይ ከውጭ የመጣ ጨርቅ ሞልቷል።

ይህ ነውር የለውም፤ ልብስ ይለወጣል። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ያ የድሮው አለባበስ ለለባሿ ምን ያደርግላት ነበር?

በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሴት የምትይዘውና የምታስረው ነገር ሕግ ነበር። ስትዳር ከእናቷ ሲንቄ ትቀበላለች። ያቺ ቀጭን በትር መምቻ ሳትሆን የመብቷ ምልክት ናት። ባሏ ከበደላት ሲንቄዋን ይዛ ትጮኻለች፤ ጎረቤት ሴቶችም ሥራቸውን ጥለው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ሳይክስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ስትወልድ ደግሞ ግንባሯ ላይ ቀነፋ ታስራለች። ቀነፋ ያሰረችን አራስ መምታትም መስደብም ክልክል ነው። ይህ ጥበቃ ለወራት ይዘልቃል።

ልብስ መብቱን ሲያጣ ምን እንደሚመስል ለማየት ቱርክሜኒስታንን እንመልከት። እዚያ የአገር ባህል ቀሚስ የተማሪ ደንብ ልብስ ሆኗል፤ የትምህርት ቤት ልጃገረዶች አረንጓዴ፣ የዩኒቨርሲቲዎቹ ቀይ ይለብሳሉ። የአገር ማንነት በሴቶች ገላ ላይ ይታያል፤ ለሴቶቹ የተረፋቸው ግን ግዴታው ነው።

እኛ ዘንድ የኢሬቻን ልብስ የሚያስገድድ የለም፤ ሰው ወድዶና ኮርቶ ይለብሰዋል። ኩራቱም ምክንያት አለው። ገዳ በኅዳር 2009 በዩኔስኮ ተመዘገበ፤ በ2012 ኢሬቻ በአዲስ አበባም ተከበረ። ሲንቄም የባንክ ስም እስከመሆን ደረሰ።

ነገር ግን ሲንቄ ለፎቶ ብቻ ከተያዘ፣ ያቺው ሴት ቤቷ ተመልሳ ስትደበደብ ጎረቤቱ በሩን ከዘጋ፣ የቀረን ቀለሙ ብቻ ነው። እናቶቻችን ቆዳ ለብሰው የነበራቸውን ጥበቃ ሴት ልጆቻችን በአዲስ ቀሚስ ካጡት፣ ቅርስ ጠበቅን ማለት ይከብዳል።

ስለዚህ ለልጃችሁ ቀሚሱን ስታሰፉ የሲንቄን ትርጉም ጨምራችሁ ንገሯት። ከእሷ በፊት ግን ለወንድሟ ንገሩት።