የፊት ዕይታውን ማን መረጠው?

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1940 ፓካርድ የተባለው የዲትሮይት የቅንጦት መኪና አምራች የእንግሊዙን ሮልስ ሮይስ መርሊን የአውሮፕላን ሞተር ለማምረት ውል ፈረመ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሥራው አስቀድሞ ለሄንሪ ፎርድ ቀርቦ ነበር፤ እርሱ ግን ለእንግሊዝ የጦር ዕቃ አላመርትም ብሎ መለሰው። ውሉ 9,000 ሞተሮችን የሚመለከት ሲሆን 6,000 ያህሉ ለእንግሊዝ፣ 3,000ው ለአሜሪካ የታሰቡ ነበሩ። ለንደን በቦምብ በምትደበደብበት በዚያ ወራት እያንዳንዱ ሳምንት ዋጋ ነበረው። ይሁንና ከእንግሊዝ የተላኩት ንድፎች ዲትሮይት ሲደርሱ የፋብሪካው ሠራተኞች እንዳሉ ሊጠቀሙባቸው አልቻሉም።

ንድፎቹ ስሕተት አልነበረባቸውም፤ ችግሩ ዕይታዎቹ በወረቀቱ ላይ የተደረደሩበት ሥርዓት ነው። አንድን የማሽን አካል ለመግለጽ ከፊት፣ ከላይና ከጎን ሲታይ የሚኖረው መልክ ለየብቻ ይሳላል። እንግሊዞች ከላይ የሚታየውን መልክ ከፊት ዕይታው በታች፣ ከግራ የሚታየውን ደግሞ በስተቀኝ ያስቀምጡ ነበር። ይህ የአንደኛ ማዕዘን ፕሮጀክሽን ይባላል፤ ዕቃው በተመልካቹና በግድግዳው መካከል ቆሞ ጥላውን ከኋላው እንደሚጥል ይታሰባል። አሜሪካውያን የለመዱት የሦስተኛ ማዕዘን ፕሮጀክሽን ግን ዕቃውን በመስታወት ሣጥን ውስጥ እንደ ተቀመጠ አድርጎ ስለሚቆጥር ከላይ የሚታየው ከላይ፣ ከግራ የሚታየው በስተግራ ይሰፍራል። አንዱን በሌላው ልማድ ያነበበ ባለሙያ ቀዳዳውን በትክክለኛ ልክ፣ ነገር ግን በተቃራኒው ጎን ይበሳዋል። የቀኝ እግር ጫማ ታዝዞ የግራ እንደ መስፋት ነው፤ ልኩን ቢለኩት እንከን አይገኝበትም።

ስለዚህ በሺህ የሚቆጠሩ ንድፎች በአሜሪካ ልማድ እንደገና ተሳሉ። ፓካርድ የቡሎንና የዳዶውን የእንግሊዝ ጥርስ ግን አልነካውም፤ ክፍሎቹ ከእንግሊዝ ሠራሹ ሞተር ጋር እንዲለዋወጡ ሲል ጥርስ ማውጫ መሣሪያዎቹን ራሱ ሠራ። የሚለወጠውና የማይለወጠው የተለየበት መንገድ ልብ ሊባል ይገባዋል። ብረቱ በነበረበት ጸና፤ ብረቱ የሚታይበት ዐይን ተለወጠ። የመጀመሪያዎቹ የፓካርድ መርሊኖች የተነሡት በነሐሴ 1941 ነው፤ ጦርነቱ እስኪያበቃ ከ55,000 በላይ ተመርተዋል።

ሁለቱ ልማዶች ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። በ1760ዎቹ ጋስፓር ሞንዥ የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ በሜዚየር የንጉሡ የምህንድስና ትምህርት ቤት ሳለ፣ ረጅም ስሌት የሚጠይቀውን የምሽግ አነዳደፍ በሥዕል ብቻ የሚፈታ ዘዴ ፈለሰፈ። ዘዴው ለዓመታት እንደ ወታደራዊ ምሥጢር ተጠብቆ ኖረ፤ በአደባባይ የተሰጠው ከአብዮቱ በኋላ በ1795 ነው። የናፖሊዮን የጦር መኮንን የነበረው ክሎድ ክሮዜ ትምህርቱን በ1816 ወደ ዌስት ፖይንት አሻገረው። ሞንዥ የተጠቀመው በአንደኛው ማዕዘን ስለነበር የአሜሪካ መሐንዲሶችም ለአሥርት ዓመታት በዚያው ቀጠሉ። ወደ ሦስተኛው የተሻገሩት በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ አህጉር አውሮፓ ግን በነበረበት ጸና።

የምጣኔ ሀብት ታሪክ አጥኚው ፖል ዴቪድ በ1985 ባሳተመው ስለ ታይፕ ፊደል ገበታ በሚተርክ አጭር ጽሑፍ፣ ድንገተኛ ጅማሬ እንዴት ሊለቁት የማይቻል ሥርዓት ሆኖ እንደሚቀር አሳይቷል። የንድፉ ታሪክ ከዚያ የሚለየው አሸናፊ ስላልነበረው ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ሁለቱንም እኩል ተቀብሎ፣ የትኛው ሥራ ላይ እንደ ዋለ የሚያመለክት ጫፉ የተቆረጠ ሾጣጣ ምልክት በንድፉ ጥግ እንዲሰፍር ደነገገ። አንባቢው ያቺን ትንሽ ምልክት ፈልጎ ካላየ ሰላሙ አይጸናም። እንደ ብዙ የዲፕሎማሲ ስምምነቶች ሁሉ ጠቡን ሳይፈታ መለያ ሰጠው ማለት ይቻላል።

ኮምፒውተር ሲመጣ ምርጫው ከነዳፊው እጅ ወጥቶ ወደ ፕሮግራሙ ቅንብር ገባ። ሶፍትዌሮችን ወደ አማርኛ የመለሱ ሰዎች ዲፎልት የሚለውን «ነባሪ» ብለውታል፤ ማንም ካልነካው ባለበት የሚኖር እንደ ማለት ነውና መልካም ቃል ነው። በ1982 ለገበያ የቀረበው አውቶካድ ዛሬም ሁለት ባዶ መነሻ ገጾች ይዞ ይመጣል፤ አንዱ በኢንች፣ ሌላው በሚሊሜትር የተዘጋጀ ነው። ይበልጥ ሥር የሰደደው ለውጥ የመጣው ግን በ1988 ፕሮ ኢንጂነር፣ በ1995 ደግሞ ሶሊድወርክስ ሲወጡ ነው። አንዱ ፋይል የአንድን አካል ብዙ ተለዋጮች መያዝ ጀመረ፤ ባለ 20፣ ባለ 30፣ ባለ 40 ሚሊሜትር ቡሎን የአንድ ሰንጠረዥ ረድፎች ሆኑ።

ተለዋጮችን በአንድ ገጽ መግለጽ በወረቀት ዘመንም የተለመደ ነበር። ነዳፊው አንዱን ብቻ ይስልና ርዝመቱን «ሀ»፣ የቀዳዳውን ስፋት «ለ» ብሎ ሰይሞ ልኮቹን ከሥር በሰንጠረዥ ይዘረዝራል። ቶርኖው ላይ የቆመው ባለሙያ ሥዕሉ ምሳሌ እንጂ ልክ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ፊደሉ ራሱ ይነግረዋል። በካድ የሚወጣው ሥዕል ግን ለአንዱ ተለዋጭ ፍጹም ትክክል ነው፤ ያ ትክክለኛነቱ ነው እምነት የሚያስጥለው። በፕሮ ኢንጂነር ሰንጠረዥ ራስጌ የሚቀመጠው እናት ሞዴል «ጄኔሪክ» ይባላል፤ በሶሊድወርክስ የመጀመሪያው ተለዋጭ ስሙ ራሱ «ዲፎልት» ነው። በዚሁ ፕሮግራም የንድፍ ዕይታ በስም ከተጠቀሰ ተለዋጭ ጋር ካልታሰረ፣ በሥራ ላይ ያለውን ወይም መጨረሻ የተቀመጠውን እንዲከተል ሊተው ይችላል። እንዲያ ከተተወ፣ አንድ ባልደረባ ረጅሙን ተለዋጭ ለማየት ፋይሉን ከፍቶ፣ አስቀምጦ ቢወጣ፣ በማግሥቱ የሚታተመው ንድፍ በአጭሩ ቡሎን ቁጥር ሥር ረጅሙን ሊያሳይ ይችላል። ማንም አልተሳሳተም፤ ማንም ግን አልመረጠም።

በአሜሪካ የሚሠሩ አንባቢዎች የዚህን ጉዳይ የቅርብ ዘመድ በደመወዝ ወረቀታቸው ላይ ያውቁታል። ብሪጂት ማድሪያንና ዴኒስ ሺ በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ትልቅ ኩባንያ ሠራተኞቹን በራሱ በጡረታ ቁጠባ መመዝገብ ሲጀምር ተሳታፊነት በጉልህ ጨመረ፤ አብዛኞቹ ተመዝጋቢዎች ግን ኩባንያው ባስቀመጠው 3 በመቶ ላይ ሳይንቀሳቀሱ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ የፖሊሲ ሰዎች ነባሪ ምርጫን ርካሽ መሣሪያ አድርገው ያወድሱታል። ለመራጩ በርግጥ ርካሽ ነው። በጡረታው ጉዳይ ቢያንስ ሳይመርጥ የቀረውና ውጤቱን የሚሸከመው አንድ ሰው ነው። በንድፍ ዓለም ግን ቅንብሩን የሚተወው አንድ ቢሮ፣ የሚከፍለው ሌላ ፋብሪካ፣ አንዳንዴም ሌላ አገር ነው።

በ2006 ኤርባስ የደረሰበት ይህን በገንዘብ አሳይቷል። ኤ380 እያንዳንዱ 530 ኪሎ ሜትር ገደማ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚዘረጋበት አውሮፕላን ሲሆን፣ እያንዳንዱ አየር መንገድ የራሱን የካቢን አደረጃጀት ስለሚያዝዝ የሽቦው አዘረጋግ ከደንበኛ ደንበኛ ይለያያል። የሃምቡርግ ነዳፊዎች በካቲያ አራተኛ ትውልድ፣ የቱሉዝ ባልደረቦቻቸው በአምስተኛው ይሠሩ ነበር፤ ሁለቱ ሞዴሎች በወጉ ሊነጋገሩ አልቻሉም። ቱሉዝ የደረሱ የሽቦ ጥቅሎች በቦታቸው አልገጠሙም። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነበር ማለት አይቻልም፤ የድርጅቱ የፈረንሳይና የጀርመን የሥልጣን ክፍፍልም ድርሻ ነበረው፤ የሁለቱ ሶፍትዌሮች ጎን ለጎን መቆየት ራሱ የዚያ ክፍፍል ገጽታ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። መዘግየቱ በይፋ በተነገረ ማግሥት የእናት ኩባንያው አክሲዮን 26 በመቶ ወደቀ። በዚያው ዓመት ጥቅምት እስከ 2010 ድረስ የሚደርሰው የትርፍ ጉድለት 4.8 ቢሊዮን ዩሮ እንደሚሆን ተገለጸ።

ማሽን ከብዙ አገር ለሚገዛ፣ እንደ ኢትዮጵያ ላለ አገር፣ ነገሩ ከዚህ ያነሰ ግን የዘወትር ነው። የቻይናና የጀርመን ንድፍ በአብዛኛው በአንደኛው ማዕዘን፣ የጃፓንና የአሜሪካው በሦስተኛው ይመጣል። መለዋወጫ አስመስሎ የሚሠራው ወርክሾፕ ሁለቱንም ማንበብ ግድ ይለዋል። ሶሊድወርክስ አዲስ ሲጫን የመጀመሪያው ፋይል ሲከፈት የልኬት አሃዱና የንድፍ ደረጃው የቱ እንዲሆን በአንድ ትንሽ መስኮት ይጠይቃል። ጥያቄው የሚመጣው አንድ ጊዜ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚመልሰውም ፕሮግራሙን የጫነው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው።