ጥሪና ሰፈር፦ በሚዛን፣ በቴፒና በደቡብ ምዕራብ የቡና ከተሞች ታሪክ ላይ የቀረበ ሐተታ

የከተሞቻችን ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ቆርቋሪው ነው። ምሽጉን የመሠረተው የጦር አለቃ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራው ሹም፣ መንገዱን የቀየሰው መሐንዲስ፣ ፕላኑን ያጸደቀው መሥሪያ ቤት በየተራ ይጠቀሳሉ። በዚያው ከተማ ጎጆ ቀልሶ፣ ጎረቤቱን ቡና ጠርቶ፣ የሞተውን በጋራ ቀብሮ፣ ባዶውን መሬት ሰፈር ያደረገው ሕዝብ ግን ስሙ አይነሣም። ይህ ጽሑፍ ከዚህ ልማድ በተቃራኒ ይጓዛል። የደቡብ ምዕራብን የቡና ከተሞች ታሪክ በምሳሌነት ወስዶ፣ ሰፈርን የሚሠራውም የሚጠብቀውም በነዋሪዎቹ መካከል ያለው የመጠራራት ግዴታ መሆኑን፣ የሰፈር ጉድለቱም የሚጀምረው ከጥሪው ውጭ የሚቀር ሰው ሲኖር መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል።

ሰፈር የሚለው ቃል ሰፈረ ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ በጥንቱ አነጋገር ሠራዊት ድንኳኑን ተክሎ የሚያርፍበትን ቦታ ያመለክታል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ መኳንንቱ ከነጭፍሮቻቸው በየተራራው ግርጌ ሰፈሩ፤ ራስ መኮንን፣ ደጃች ውቤ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር የሚባሉት ስሞች ከዚያ ዘመን አሰፋፈር የወረስናቸው ናቸው። ጭፍራው ከተበተነ፣ ድንኳኑም ከተነቀለ ከብዙ ዘመን በኋላ ስሙ ሊኖር የቻለው፣ በቦታው የተተካው ሕዝብ የራሱ አድርጎ ስለያዘው ነው።

ይሁን እንጂ በደቡብ ምዕራብ የመንደር ሥርዓት ከጦር ሰፈር ጋር የመጣ አይደለም። በቴፒና በጎደሬ ደን ይኖር የነበረውን የማጃንግ ብሔረሰብ ያጠናው ጃክ ስታውደር እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ የማጃንግ ሰው የሚኖርበትን ቦታ የሚወስንለት ጎሳው አልነበረም። የአንድ ጎሳ ሰዎች በየስፍራው ተበታትነው ሲኖሩ፣ ጎረቤታሞች ደግሞ ከልዩ ልዩ ጎሳ የተሰባሰቡ ነበሩ። እነዚህን ሰዎች የሚያገናኛቸው በጋራ የሚሠሩት እርሻና በጋራ የሚጠጡት ነበር። ከቡና ቅጠል ተፈልቶ፣ በቅመም ተጣፍጦ የሚጠጣው መጠጥ አንዱ ቤት ሲዘጋጅ የአካባቢው ሰው ይጠራል፤ ነገ ደግሞ ተራው የሌላው ይሆናል። በሸካ በኩል ኮቦ የሚባለው ሥርዓት አለ። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ የደን ክፍል ቀፎ የሚሰቅልበት፣ ቡናና ቅመም የሚለቅምበት ባለ መብት ነበረው፤ መብቱ ግን ደኑን ከመጠበቅ ግዴታ ጋር የተሳሰረ ነው። እንግዲህ ከተማ ከመቆርቆሩ በፊት ሕዝቡ ሁለት ነገር ያውቅ ነበር፤ ጉርብትና በመጠራራት እንደሚጸና፣ የመጠቀም መብትም ያለ ጥበቃ ግዴታ እንደማይቆም።

በ1889 እና በ1890 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው ጦር የካፋን መንግሥት ድል አድርጎ እስከ ሩዶልፍ፣ ማለትም እስከ ዛሬው ቱርካና ሐይቅ ድረስ ዘለቀ። ከዚያ ወዲህ በየከፍታው ላይ የጦር ሰፈሮች ተተከሉ፤ ማጂን የመሰሉ የአስተዳደር ማዕከሎች ተመሠረቱ። በጊዜው ግሚራ እየተባለ ይጠራ በነበረው የቤንች ምድርና በአካባቢው ገባርነት ተጫነ፤ የባሪያ ፍንገላውም አያሌ መንደሮችን ባዶ አስቀረ። ስለዚህ የመጀመሪያው ከተማ ለአገሬው ሕዝብ የሚጠራበት ቦታ አልነበረም፤ ግብር ተሸክሞ የሚወጣበት፣ ለፍርድ የሚቆምበት፣ ገበያ ውሎ ሳይመሽ የሚመለስበት ኮረብታ ነበር። ሚዛን ተፈሪ የሚለው ስም ራሱ ንጉሠ ነገሥት ከመሆናቸው በፊት ራስ ተፈሪ ይባሉ የነበሩትን የዐፄ ኃይለ ሥላሴን ስም ይዞ ቀርቷል። ከላይ የተሰየመ ከተማ ነበር ማለት ነው።

ይህን የኮረብታ ከተማ ወደ ሰፈሮች የለወጠው ቡና ነው። ከጣሊያን ወረራ ማክተም በኋላ የቡና ዋጋ እያደገ ሲሄድ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ሸማኔው፣ ጠጅ ጣዩ፣ መምህሩ ወደ ሚዛንና ወደ ቴፒ ጎረፉ። ሁልጊዜ የሚያስተማምን መንገድ ባልነበረበት ዘመን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ-3 አውሮፕላኖች በየሜዳው እያረፉ ሰውና ዕቃ ያመላልሱ ነበር። ከጅማ በቦንጋ በኩል የመጣው መንገድም ከተሞቹን ከመሐል አገር ገበያ ጋር አገናኘ። ቀጥሎ ወደ 10 ሺህ ሄክታር የሚጠጋው የበበቃ የቡና እርሻና የቴፒ እርሻ ተስፋፉ፤ በየዓመቱ የለቀማ ወራት ከከምባታ፣ ከወላይታ፣ ከዳውሮ የመጣ ለቃሚ ከፊሉ ወደ አገሩ ሲመለስ ከፊሉ እዚያው ጎጆ ቀለሰ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በተካሄደው የሰፈራ ፕሮግራምም በድርቅ ከተጎዱት የሰሜን ክፍለ ሀገሮች ብዙ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ተጓጓዘ።

እነዚህ ሁሉ ሰዎች በአንድ ጭቃ መንገድ ዳርና ዳር ሲገናኙ የጋራ ቋንቋም፣ የጋራ ሃይማኖትም፣ የጋራ መቃብርም አልነበራቸውም። ለእንግዳ ሰው ደግሞ ከኑሮ ይልቅ የሚያሳስበው ሞት ነው። ዘመዱ በሩቅ አገር የቀረ ለቃሚ ቢሞት ማን ያጥበዋል? ማን ይቆፍርለታል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው እድር ነው። እድር በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ ከገጠር በመጡ ሠራተኞችና ነጋዴዎች መካከል፣ በተለይም በጉራጌዎች ዘንድ በርትቶ፣ ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች የተሰራጨ ማኅበር ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት አለው። የጥሩንባ ነፊው ድምፅ ሌሊት ሲሰማ አባሉ ሁሉ ተነሥቶ ይወጣል፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በእድር አማካይነት ሕግ ሆኖ ተጻፈ ለማለት ይቻላል።

እድር የሰፈሩን መልክ ጭምር የሚወስን መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ ሳይታጠር የሚቀረው፣ ሬሳ የሚያልፍበት መንገድ በአጥር የማይጠብበው፣ ሰው ተሰብስቦ የሚያርፍበት ዋንዛ ሳይቆረጥ የሚቆየው ለሁሉም ስለሚያስፈልግ ነው። ፕላን ነዳፊ በወረቀት ላይ «ክፍት ቦታ» ብሎ የሚያልፈውን፣ ሕዝቡ ልቅሶ የሚቀመጥበት ብሎ ያውቀዋል። በቆርቆሮ ክዳኑ ቤት ጓሮ እንሰቱ፣ ጎደሬው፣ ኮረሪማውና ጥቂት የቡና እግር ጎን ለጎን መብቀላቸውም እንዲሁ ነው። የጥላ ዛፍ ሳይነካ ከሥሩ ቡና ማብቀልን የሚያውቅ ሕዝብ የከተማ ጓሮውንም በደኑ አምሳል ሠራው። ከጓሮ የተለቀመው ቡና ተቆልቶ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪወርድ ድረስ የሚቀመጡት ጎረቤታሞች ደግሞ ስለታመመው፣ ስለተጣላው፣ ስለ ውኃውና ስለ መንገዱ ይመክራሉ። ሰፈሩ የሚተዳደረው ከጽሕፈት ቤቱ አስቀድሞ በረከቦቱ ዙሪያ ነው።

በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን መሬት ከባለርስቱ ነጥቆ የመንግሥት አደረገ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትም በቀበሌ ተደራጁ። ጭሰኛና ኪራይ ከፋይ የነበረ ብዙ ሰው በዚህ አዋጅ ከቤት ኪራይ ጭነት እፎይ አለ። በሌላ በኩል ሰፈሮች ቁጥር ተሰጣቸው፤ ዜሮ አንድ፣ ዜሮ ሁለት ተባሉ። የቀበሌው ኪነት ቡድን በአዳራሽ ሲዘፍን፣ እድሩ ደግሞ በድንኳኑ ቀብሩን ይቀብር ነበር። ከዚያ ዘመን የተረፈው ስም የትኛው እንደሆነ ማየቱ ብዙ ያስተምራል። በጅማ ከተማ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የታወቀው የሒርማታ ገበያ ዛሬም በቀበሌ ስምነት ይኖራል፤ ጊንጆ፣ መንደራ ቆጪ፣ በቾ ቦሬ እንዲሁ ከነባሩ ሕዝብ አፍ የተወሰዱ ናቸው። ሚዛን ተፈሪና አማን ተዋህደው በተገኘችው በሚዛን አማን ደግሞ ኅብረት፣ እድገትና አዲስ ከተማ የተባሉ ቀበሌዎች፣ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ከማይፈታው ከኮሜታ ጎን ቆመዋል። ዘመንን የሚያስታውስ ስምና አገርን የሚያስታውስ ስም በአንድ ከተማ አብረው መኖራቸው መልካም ነው፤ ሁለቱም የሕዝቡ ናቸውና።

ይሁንና ሰፈርን በሙገሳ ብቻ የሚያይ ታሪክ ግማሽ ታሪክ ነው። ጥሪ ባለበት ሁሉ ያልተጠራ አለ። በካፋና በሸካ የማንጆ ማኅበረሰብ አባላት ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ፣ በአንድ ሲኒ እንዳይጠጡ፣ ከቤት ውስጥ እንዳይገቡ ለብዙ ትውልድ ተከልክለው ኖረዋል። ቡና ከሚበቅልበት ምድር ቡና የማይጠራ ሰው መኖሩ ከዚህ የበለጠ የሚያሳፍር ነገር የለውም። በአንዳንድ ከተሞችም እድር በሰፈር መሆኑ ቀርቶ በትውልድ አገር ወይም በብሔረሰብ ሲደራጅ ታይቷል። ለእንግዳው መጠጊያ የሆነው ማኅበር፣ በሌላው ፊት በር መዝጊያ ሊሆን ይችላል።

ይህ አደጋ ከሐሳብ አልፎ በደም የታየው በቴፒ ነው። በ1994 ዓ.ም. የየኪ ወረዳ አስተዳደር የማን ይሁን በሚለው ጥያቄ የተነሣው ግጭት በከተማይቱና በዙሪያዋ የብዙ ሰው ሕይወት ቀጠፈ፤ ጎጆዎች ተቃጠሉ፤ ሸኮውም ማጃንጉም ሌላውም ከቀየው ተፈናቀለ። የአስተዳደር ጥያቄ በሕግና በምክር የሚፈታ ነበር። ነገር ግን ጉዳዩ ከጽሕፈት ቤት ወጥቶ ወደ አጥር ሲወርድ የሚገታው ኃይል ጉርብትና ብቻ ነው። አንድ ሰው ትናንት ልቅሶው ላይ የተቀመጠለትን፣ ድንኳኑን የተከለለትን ጎረቤቱን በጠላትነት ለማየት ይከብደዋል። በድንኳን ያልተገናኙ ሰዎች ግን በወሬ ብቻ ይተዋወቃሉ። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ከተማ እድር የማን ነው የሚለው ጥያቄ የልማድ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሰው ሕይወት የሚያድርበት ጥያቄ ነው።

በአገራችን ከዚህ የተለየ ዕድሜ ያለው ምሳሌ ብንፈልግ ሐረር አለች። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል ግንቡ ብቻውን አላቆመውም፤ በሠርግና በቀብር ጎረቤታሞችን የሚያስተባብረው አፎቻ የተባለው ማኅበር በውስጡ ስለኖረ ነው። ድንጋይ ያለ ማኅበር ፍርስራሽ ነው፤ የጭቃ ግድግዳ ግን ማኅበር ካለው በየዓመቱ ይመረጋል።

ይህን ሁሉ ዛሬ ማንሣት ለምን አስፈለገ? በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒ የክልሉን መቀመጫነት ተካፈሉ። ከዚያም ቀደም ብሎ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱ ከተሞች ተተክሎ ብዙ ወጣት አስገብቶባቸዋል። ለቢሮ፣ ለመንገድ፣ ለመኖሪያ የሚፈለገው መሬት ይሰፋል፤ ያረጀ ሰፈርም ይነካል። በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ፣ በቀጣዩ ዓመት በካዛንቺስ የተካሄደው የማፍረስና የመልሶ ግንባታ ሥራ የሚያስተምረን አለ። ሰው ምትክ ቤት ቢያገኝ እንኳ እድሩ በልዩ ልዩ ዳርቻ ከተበተነ ጥሩንባው የማይደርስበት ይሆናል። የቤት ዋጋ ይተመናል፤ የጉርብትና ዋጋ ግን በካሣ ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም።

ከተማ እንዳያድግ የሚመኝ የለም። ለቀማ ወራት በጭቃ የሚዳክር ሰፈር አስፋልት ያስፈልገዋል፤ መብራትና ንጹሕ ውኃም ያስፈልገዋል። ነገር ግን ፕላን ከመነደፉ በፊት የየሰፈሩ እድሮች ተጠርተው ይመከሩ፤ መነሣት ግድ ሲሆን አንድ እድር በአንድ ቦታ ይስፈር፤ የልቅሶ ሜዳውና የጥላው ዛፍ በካርታው ላይ በስማቸው ይጻፉ። የእድር ሽማግሌዎችም በበኩላቸው መዝገባቸውን ገልጠው ማን እንደጎደለ ይዩ፤ ከየትም ይምጣ፣ የማንም ወገን ይሁን፣ በሰፈሩ የሚያድር ሁሉ ስሙ ሊገኝ ይገባል።

የመምህሩና የከያኒው ድርሻ ከዚህ ያነሰ አይደለም። ተማሪዎች የሚኖሩበትን ሰፈር ስም ከሽማግሌዎች እየጠየቁ፣ በቤንችኛም በሸክኛም በማጃንግኛም የሚጠራበትን እየመዘገቡ ቢያመጡ፣ ያልተጻፈው ታሪካችን በጥቂት ዓመት ውስጥ ብዙ ደብተር ይሞላል። ተውኔት ጸሐፊውም ገጸ ባሕርያቱን ከቤተ መንግሥት ብቻ አይፈልግ። በሚዛን አንድ ጎዳና ላይ የሚኖሩ የጥሩንባ ነፊ፣ የቡና ለቃሚ፣ የእንጀራ ጋጋሪ፣ ሲኒ የተከለከለ ማንጆ ለአንድ ሙሉ ድራማ የሚበቃ ግጭትና ዕርቅ በመካከላቸው አለ። እነርሱን በመድረክ ላይ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ማስቀመጥ፣ በእውነተኛው ሰፈር ደግሞ ያ ማዕድ እንዲሰፋ መታገል ለኪነ ጥበብ ሰው የተገባ ሥራ ነው።