ራስ-ሰር ማሟያ (የድረ ገጽ ቅጽ)

ራስ-ሰር ማሟያ ወይም አውቶኮምፕሊት ተጠቃሚው በድረ ገጽ የጽሑፍ ሳጥን ውስጥ መጻፍ ሲጀምር ቀሪውን ገምቶ በዝርዝር የሚያቀርብ አሠራር ነው። ጥቆማዎቹ ከሦስት ቦታ ሊመጡ ይችላሉ፦ ብራውዘሩ ካስቀመጠው መረጃ፣ በገጹ ውስጥ ከተዘጋጀ ዝርዝር ወይም ከሰርቨር። የማስተካከያው መንገድም እንደ ምንጩ ይለያያል።

የብራውዘር ጥቆማ

«አውቶኮምፕሊት» የተባለው የኤችቲኤምኤል አትሪቢዩት እ.ኤ.አ. በ1999 ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ጋር መጣ፤ በኋላም በኤችቲኤምኤል 5 ደረጃ ውስጥ ተካተተ። «ኦፍ» የሚል ዋጋ ሲሰጠው ብራውዘሩ ቀድሞ የተጻፈውን እንዳያቀርብ ይጠይቃል። «ኢሜይል» ወይም «ቴል» ሲባል ደግሞ ሳጥኑ የኢሜይል አድራሻ ወይም ስልክ ቁጥር እንደሚጠብቅ ይገልጻል።

«ኦፍ» ጥያቄ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ብዙ ብራውዘሮች በመግቢያ ቅጽ ላይ ችላ ብለውት የይለፍ ቃል እናስቀምጥ ይላሉ። ስለዚህ እንደ ኢንተርኔት ካፌ ባለ ቦታ፣ ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ የአንዱ ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል ለሚቀጥለው ሰው ሊታይ ይችላል። በእንዲህ ያለ ኮምፒውተር የግል መስኮት መክፈት ወይም ሲጨርሱ የተቀመጠውን መረጃ ማጥፋት ያስፈልጋል።

ዳታሊስት

አማራጮቹ ጥቂት ሲሆኑ «ዳታሊስት» የተባለው ኤለመንት ይበቃል። ለምሳሌ አዳማ፣ ባሕር ዳርና ሐዋሳ በዝርዝሩ ቢገቡ ተጠቃሚው ከእነሱ መምረጥ ወይም የሌላ ከተማ ስም መጻፍ ይችላል። የዝርዝሩን መልክ ግን በአብዛኛው የሚወስነው ብራውዘሩ ነው።

በጃቫስክሪፕት

ዝርዝሩ ሰፊ ሲሆን ጃቫስክሪፕት የተጻፈውን ወደ ሰርቨር ልኮ ጥቆማ ያመጣል። በእያንዳንዱ ፊደል ጥያቄ መላክ ሰርቨሩን ስለሚያጨናንቅ ተጠቃሚው ለአፍታ መጻፍ እስኪያቆም ይጠበቃል። ዘግይቶ የደረሰ የቀድሞ ጥያቄ መልስም አዲሱን እንዳይተካ መጣል አለበት። ዝርዝሩ ያለ ማውስ፣ በኪቦርድ ብቻ እንዲሠራና በስክሪን አንባቢ እንዲነበብ ማድረግም የሠሪው ድርሻ ነው።

በአማርኛ ጽሑፍ

ለኮምፒውተር ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በመሆኑም «ዓለም» ብሎ የሚፈልግ ሰው «አለም» ተብሎ የተመዘገበውን አያገኝም። መፍትሔው ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ለማነጻጸር ሲባል ብቻ ወደ አንድ መቀየር ነው፤ ለተጠቃሚው የሚታየው የተመዘገበው አጻጻፍ ነው።

ሌላው ችግር ከአጻጻፍ ስልቱ ይመጣል። በብዙ ኪቦርዶች «ሰላም» ለመጻፍ መጀመሪያ «ስ» ይወጣል፣ አናባቢው ሲጨመር ወደ «ሰ» ይለወጣል። ፕሮግራሙ የመጨረሻውን ፊደል ከመላው የፊደል ቤቱ ጋር ካላነጻጸረ «ሰላም» ገና ከጅምሩ ከጥቆማው ይወጣል። በዩኒኮድ አብዛኞቹ የፊደል ቤቶች 8 ተከታታይ ቦታዎች ስለተመደቡላቸው አንድ ፊደል የየትኛው ቤት እንደሆነ በቀላል ስሌት ማወቅ ይቻላል።