የሱስ ማገገሚያ ቡድኖች የጋራ መርሖቻቸውን ከአካባቢያቸው ጋር እንዴት ያጣጥማሉ?

በጅማ ከተማ፣ በጊንጆ ጉዱሩም ሆነ በዙሪያው ባሉት የቡና ከተሞች፣ ከጫት ለመላቀቅ የሚሻ ሰው የሚተወው ቅጠሉን ብቻ አይደለም። በርጫው ወዳጅ የሚገኝበት፣ ወሬ የሚሰማበት፣ ተማሪው የሚያጠናበት ስፍራ ነው። ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው መጠጥ፣ ማለትም ጨብሲ፣ ደግሞ ሌላ ሱስ ያስከትላል። በባዕድ አገር የተቀረጸ የማገገሚያ መርሕ እዚህ ሲደርስ የትኛው ይጸናል፣ የትኛውስ ይለወጣል?

የመርሖቹ መነሻ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው ማኅበር ነው። ማኅበሩን እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በአክሮን ከተማ የመሠረቱት ቢል ዊልሰንና ሐኪሙ ሮበርት ስሚዝ ናቸው። አሥራ ሁለቱ እርምጃዎች በ1939 ታተሙ፤ አሥራ ሁለቱ ትውፊቶች በ1950 ጸደቁ። እርምጃዎቹ ግለሰቡን፣ ትውፊቶቹ ቡድኑን ይመራሉ። አራተኛው ትውፊት እያንዳንዱን ቡድን በራሱ ጉዳይ ነጻ ያደርገዋል፤ ሌሎች ቡድኖችን ወይም መላውን ማኅበር የሚነካ ነገር ግን ከዚህ ነጻነት ውጪ ነው። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው ከዚህች ገደብ ነው። በ2011 በካናዳ ቶሮንቶ ሁለት ቡድኖች የፈጣሪ ስም የወጣበትን እርምጃ በመጠቀማቸው ከስብሰባዎች ዝርዝር ተሰርዘው፣ ጉዳዩ እስከ ሰብአዊ መብት ችሎት ደርሷል።

ለጅማ የሚቀርበው ግን ከዚያ ቀደም የተደረገ ለውጥ ይመስላል። በ1953 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ናርኮቲክስ አኖኒመስ በመጀመሪያው እርምጃ ላይ «አልኮል» የሚለውን ቃል «ሱስ» በሚለው ተካው። የተለወጠው አንድ ቃል ብቻ ነው። ሆኖም ጫት፣ ሲጋራና ጨብሲ በአንድ ቀን ለሚፈራረቁበት ሰው አንዱን ትቶ በሌላው የመጽናናትን በር ይዘጋል። በ1989 በባልቲሞር የተጀመረው ሚላቲ ኢስላሚ ደግሞ እርምጃዎቹን በእስልምና አገላለጽ አቅርቧል፤ ሙስሊሞች በሚበዙበት አካባቢ ይህ ምሳሌ ትኩረት ይገባዋል።

በራስ መዋጮ መተዳደርን እድርተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ስም መሸሸግ ግን ለእድር ባዕድ ነው፤ እድር አባሉን ይመዘግባል፣ የቀረውን ይቀጣል። ማገገሚያ ቡድን መዝገብ አይዝም፣ ቅጣትም የለውም፤ የአባልነቱ መስፈርት የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። ሁሉም በሚተዋወቅበት ሰፈር ስም አለመጥራት ብቻውን ስለማይበቃ፣ የመሰብሰቢያው ቦታና ሰዓትም ይታሰብበታል።

ቡናም አለ። በሌላው ዓለም የእነዚህ ስብሰባዎች አጃቢ ነው፤ እዚህ ግን ቡናና ዕጣን የበርጫም አጃቢ በመሆናቸው ሐራራን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ቡና ይፈላ ወይስ አይፈላ የሚለውን፣ በአራተኛው ትውፊት መሠረት፣ ቡድኑ ራሱ ይወስናል።

ቡድኑ ሕክምናን አይተካም። ዱካክ እንቅልፍ የነሳው፣ ወይም ከባድ ጭንቀትና የሌለ ድምፅ መስማት የገጠመው ሰው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ማግኘት ይችላል።